ሥራ ባነሰ ጊዜ ሰዓቱን መካፈል ሰውን ከማሰናበት ይሻላል

ማናቸውም ሥራ የሚበዛበትና የሚያንስበት ወራት አለው። ገበሬ ክረምትና በጋ እንዳለው፣ ነጋዴም ገበያው የሚሞላበትና የሚጐድልበት ቀን እንዳለው፣ እንደዚሁ ብዙ ሠራተኛ ሰብስቦ የሚያሠራ ፋብሪካ ወይም ድርጅት ሥራው የሚሰፋበትና የሚጠብበት ዘመን አለው። ይህም ሁልጊዜ በሰው ስንፍና የሚመጣ አይደለም። ጥሬ ዕቃ በመንገድ ሲዘገይ፣ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር፣ ገዢ የነበረው አገር ደጁን ሲዘጋ፣ ተላላፊ በሽታ ሲነሣ፣ የሠራተኛው እጅ ሳይደክም፣ የባለቤቱም ትጋት ሳይጐድል ሥራ ሊያንስ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው ሥራው ለምን አነሰ የሚል ብቻ አይደለም፤ ያነሰውን ጊዜ በምን ጥበብ እናሳልፈው የሚል ነው።

በዚህ ጊዜ ለሥራው ባለቤት ሁለት መንገድ ይቀርቡለታል። አንደኛው ከሠራተኞቹ አንዳንዱን አሰናብቶ የቀሩትን እንደ ቀድሞው ማሠራት ነው። ሁለተኛው አንድም ሰው ሳያሰናብት የሁሉን የሥራ ሰዓት በመጠኑ አሳጥሮ፣ ያለውን ሥራ ለሁሉ ማካፈል ነው። የፊተኛው መንገድ የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሌላ መንገድ ያለ አይመስለውም። እኛ ግን ሁለተኛው መንገድ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም ለመንግሥትም የሚበጅ መሆኑን በዚህ ርእሰ አንቀጽ ለማስረዳት አስበናል።

ነገሩ በምሳሌ ቢነገር ይቀላል። ስድሳ ሠራተኞች በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩበት አንድ የልብስ ፋብሪካ አለ እንበል። ገበያው ከስድስት እጅ አንዱን እጅ ጐደለበት። ባለቤቱ ዐሥር ሰዎች አሰናብቶ አምሳውን ስድስት ቀን ቢያሠራ በሳምንት የሚያገኘው የሥራ ቀን 300 ነው። ስድሳውንም አስቀርቶ እያንዳንዳቸውን አምስት ቀን ቢያሠራ የሚያገኘው የሥራ ቀን ያው 300 ነው። የደመወዙም ወጪ በሁለቱ መንገድ እኩል ነው። ልዩነቱ በሰዎቹ ላይ ነው። በፊተኛው መንገድ ዐሥር ቤተ ሰቦች እንጀራቸውን ፈጽመው ያጣሉ፤ በኋለኛው ስድሳ ቤተ ሰቦች ከስድስት እንጀራ አንዱን ያጐድላሉ። አበው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ሰው ከሥራው በተሰናበተ ጊዜ የሚጠፋው የወሩ ደመወዝ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ ይቆማል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ በገጠር ላሉት አባትና እናት ይላክ የነበረው ይቋረጣል፤ በዕቁብ የገባው ሰው ዕጣው ሳይወጣለት ይወጣል። የሰፈሩ ባለ ሱቅ በዱቤ የሰጠውን አያገኝም። ዳግመኛም ለሥራው ባለቤት ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ይጠፋበታል፤ ይኸውም የሠለጠነ እጅ ነው። አንድ ሠራተኛ መኪናውን ለምዶ፣ ዕቃ ሳያበላሽ፣ በተወሰነው ፍጥነት ለመሥራት እስኪደርስ ብዙ ጨርቅ ተበላሽቷል፤ ብዙም የአስተማሪ ድካም ወጥቶበታል። ያ ሰው በተሰናበተ ጊዜ ባለቤቱ ያን ሁሉ ድካም ከደጁ ውጭ ይጥለዋል። ገበያው በተመለሰ ጊዜም የቀድሞው ሠራተኛ ወደ አገሩ ገብቷል፤ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ወይም በስደት ወደ ዐረብ አገር ተሻግሯል፤ ስለዚህ ትምህርቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ሥራን መካፈል ለአገራችን እንግዳ አሳብ አይደለም። በወንፈል የአንዱን እርሻ ሁሉ ተባብሮ ያርሳል፤ ነገም የሌላውን ያርሳል። በደቦና በጅጊም ለአንድ ቤት የከበደው አዝመራ በብዙ ትከሻ ይቀላል። ይሁን እንጂ ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። በወንፈል የሚካፈሉት የበዛ ሥራን ነው፤ እኛ ዛሬ የምንናገረው ያነሰ ሥራን ስለ መካፈል ነው። የበዛውን መካፈል ድካምን ያቀላል፤ ያነሰውን መካፈል ግን ከእያንዳንዱ ሰው እጅ ጥቂት ደመወዝ ይወስዳልና የበለጠ መተማመንን ይጠይቃል። ስለዚህ በልማድ ብቻ ሊመራ አይችልም፤ ሥርዓትና ውል ያስፈልገዋል።

ይህን ሥርዓት አስቀድመው በሕግ ከጻፉት አገሮች አንዱ ጀርመን ነው። (የውጭ አገሮችን ነገር ስንናገር ዓመቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።) ጀርመኖች ኩርትስአርባይት ይሉታል፤ ትርጓሜው አጭር ሥራ ማለት ነው። መነሻው በ1910 ዓ.ም. የወጣው የፖታሽ ማዕድን ሕግ ነው። መንግሥት የማዕድኑን ሽያጭ በመጠን ሲወስን ሥራቸው ለሚያንስባቸው ሠራተኞች ካሣ እንዲሰጥ አዘዘ። ኋላም በ1927 ዓ.ም. የሥራ አጥነት መድን በአገሩ ሁሉ በታወጀ ጊዜ ይህ ነገር ከመድኑ ጋራ ተያያዘ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የድርጅቱ ሥራ ለጊዜው ባነሰ ጊዜ ባለቤቱ ከሠራተኞቹ ጋራ ተስማምቶ ሰዓታቸውን ያሳጥራል፤ ለሠሩበት ሰዓትም ሙሉውን ደመወዝ ይከፍላል። ላልሠሩበት ሰዓት ደግሞ ከጐደለባቸው የተጣራ ደመወዝ ከመቶ 60 ያህሉን፣ ልጅ ላለው ከመቶ 67 ያህሉን የመድኑ ገንዘብ ይተካል። ሠራተኛው በድርጅቱ መዝገብ እንደ ተጻፈ ይቈያል፤ ሥራው በተመለሰ ማግስትም በወንበሩ ላይ ይገኛል።

የዚህ ሥርዓት ፍሬ በሁለት ታላላቅ መከራዎች ተፈትኗል። በ2009 ዓ.ም. የዓለም ንግድ በወደቀ ጊዜ የጀርመን አገር ሀብት በአንድ ዓመት ከመቶ 5 ያህል ጐደለ። በዚያን ጊዜ በአጭር ሥራ የነበሩት ሠራተኞች ቍጥር ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል ደረሰ። የሥራ አጦች ቍጥር ግን በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 7.8 ከነበረው ወደ 8.1 ብቻ ከፍ አለ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር ልማዱ ማሰናበት ስለ ሆነ የሥራ አጡ ቍጥር በጥቅምት ወር ከመቶ 10 ደርሶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጀርመንን የረዳት የመድኑ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ብዙ ድርጅቶች በሥራ ብዛት ጊዜ የተሠራውን ትርፍ ሰዓት በመዝገብ አቈይተው፣ በሥራ ማነስ ጊዜ በዕረፍት የሚመልሱበት ሥርዓት ነበራቸው። ይህም ራሱ ሰዓትን የመካፈል ሌላ መልክ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የኮሮና በሽታ ነው። በሚያዝያ 2020 ዓ.ም. በጀርመን ወደ 6 ሚሊዮን ሰዎች በአጭር ሥራ ላይ ነበሩ። የዓመቱ የሥራ አጥ ቍጥር በ2019 ዓ.ም. ከመቶ 5 ከነበረው በ2020 ዓ.ም. ወደ 5.9 ወጣ። በአሜሪካ ግን በየካቲት ወር ከመቶ 4 በታች የነበረው በሚያዝያ ወር ከመቶ 14 አለፈ። አንዱ አገር ሠራተኛውን ከሥራው ጋራ አስሮ አቈየው፤ ሌላው ሠራተኛውን ከሥራው ለይቶ በመንግሥት ርዳታ መገበው። ሁለቱም ገንዘብ አውጥተዋል። ነገር ግን ከሥራው ጋራ ታስሮ የቈየው ሰው ሥራ ፈላጊ ሆኖ ደጅ አልጠናም።

ለዚህ ሁሉ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚል ሰው ቢኖር መልሱ የሚያስተምር ነው። ሠራተኛውና አሠሪው በደጉ ዘመን ከደመወዙ ላይ ግማሽ በግማሽ እየከፈሉ ያስቀመጡት ነው። በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ የጀርመን የሥራ መሥሪያ ቤት ወደ 26 ቢሊዮን ዩሮ የሚሆን መጠባበቂያ ነበረው። የመከራው ጊዜ በረዘመ ጊዜ ያ ሁሉ አልቆ መንግሥት ከግምጃ ቤቱ ጨመረበት። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዓመታት ጐተራ ማስሞላቱን ያነበበ ሰው የዚህን ነገር ምሥጢር ለመረዳት አይቸገርም። ጐተራ የሚሠራው ረኃብ ከገባ በኋላ አይደለም።

አሜሪካም ብትሆን ይህን መንገድ ፈጽማ አላጣችውም። ካሊፎርኒያ የተባለው ግዛት በ1978 ዓ.ም. ሥራ መካፈልን በሕግ አቋቋመ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ደግሞ ሰዓቱ ከመቶ 10 ባላነሰ፣ ከመቶ 60 ባልበለጠ መጠን ሊቀነስ እንደሚችልና ድርጅቱ ይሰጥ የነበረውን የሕክምናና የጡረታ ጥቅም ማቋረጥ እንደማይገባው ደነገገ። ነገር ግን አሠሪዎች መኖሩን በብዛት ስለማያውቁት፣ ያወቁትም የወረቀቱን ብዛት ስለሚፈሩት፣ የተጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው። ከዚህ የምንማረው መልካም ሕግ ቢጻፍ አሠሪው ካላወቀውና ካልቀለለው በመደርደሪያ ላይ የሚቀር መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ፦ እነርሱ የመድን ገንዘብ አላቸው፤ እኛ ግን በአገራችን የሥራ አጥነት መድን የለንም፤ ታዲያ ይህ ምሳሌ ምን ይረባናል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ያለ መንግሥት ገንዘብ በስምምነት ብቻ የተደረገ ሥራ መካፈል መኖሩን ማሳየት ነው። በ1993 ዓ.ም. ቮልስዋገን የተባለው የጀርመን መኪና ፋብሪካ ሽያጩ ስለ ወደቀበት፣ በአገሩ ውስጥ ካሉት ወደ 100,000 ከሚጠጉ ሠራተኞቹ 30,000 ያህሉ ትርፍ ሆኑበት። ሊያሰናብታቸው ሲችል ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋራ ተቀምጦ መከረ። በሳምንት 36 ሰዓት የነበረው ሥራ ከ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ 28.8 ሰዓት እንዲሆን፣ የዓመቱም ገቢ እንዲቀንስ፣ ፋብሪካውም በሁለት ዓመት ውስጥ ማንንም እንዳያሰናብት ተዋዋሉ። የወሩም ደመወዝ በድንገት ወርዶ ቤተ ሰብ እንዳይናጋ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰጥ የነበረው ጉርሻ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲገባ አደረጉ። ይህ በምክር የተገኘ ብልሃት ነው እንጂ በመድን ገንዘብ የተገዛ አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ሥራ ከአሠሪው ጥፋት ባልሆነ ምክንያት በቆመ ጊዜ የሥራ ውል ለጊዜው ታግዶ እስከ 90 ቀን ሊቈይ እንደሚችል ይፈቅዳል። ቅነሳ የግድ በሆነ ጊዜም አሠሪው ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ከተወካዮቻቸው ጋራ እንዲመክር ያዝዛል። የሥራ ውልም በኅብረት ስምምነት ወይም ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ በሚያደርጉት ስምምነት ሊሻሻል ይችላል። እንግዲህ አዋጁ ለፍጹም እገዳና ለቅነሳ በግልጽ መንገድ አበጅቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰዓትን የመካፈል መንገድ ግን በስምምነት በር የሚገባ ነው። በሩ የተዘጋ አይደለም፤ የሚያንኳኳው ሰው ብቻ ነው ያነሰው።

ባለቤቶች ይህን በር ቢያንኳኩ ትርፉ የራሳቸው መሆኑን በቍጥር እናሳይ። በአዋጁ መሠረት በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚሁን ሢሶ፣ ጠቅላላው ግን ከዓመት ደመወዝ ሳይበልጥ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። በቅነሳ ስለ ወጣም የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ስለዚህ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 30 እና 50 እና 60፣ በድምሩ የ140 ቀን ደመወዝ ይገባዋል። ከላይ በምሳሌ ያነሣነው ፋብሪካ የሚያሰናብታቸው ዐሥር ሰዎች ስድስት ስድስት ዓመት ያገለገሉ ቢሆኑ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሳይቈጠር የ1,400 ቀን ደመወዝ ባንድ ጊዜ ይከፍላል። ዐሥሩን በማሰናበቱ በየሳምንቱ የሚተርፍለት የ60 ቀን ደመወዝ ነው። 1,400ው በ60 ቢካፈል ከ23 ሳምንት ይበልጣል። ይኸውም ባለቤቱ ከማሰናበቱ አንዲት ሳንቲም የሚያተርፈው አምስት ወር ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። ሰዓቱን ቢያካፍል ግን ያችው የ60 ቀን ደመወዝ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትተርፍለታለች። ሥራው በአምስት ወር ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ያሰናበተ ባለቤት ከሥሯል፤ የሠለጠነ እጁንም በትኗል።

ይህን ስንል ነገሩ አደጋ የለበትም ማለታችን አይደለም። ሥራ መካፈል በቅን ልብ ካልተያዘ በመልካም ስም የተሸፈነ የደመወዝ መቀነሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማናቸውም ስምምነት ውስጥ ሊጻፉ የሚገባቸውን ቁም ነገሮች እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ጊዜው የተወሰነ ይሁን። መነሻውና መድረሻው ቀን በጽሑፍ ይገለጽ፤ ጊዜው ሲያልቅ ሙሉው ሥራ ይመለስ፤ ካልተመለሰም እንደገና ተመክሮ ይታደስ እንጂ በዝምታ አይቀጥል።

ሁለተኛ፣ መቀነሱ ከራስ ይጀምር። ሥራ አስኪያጁ በሙሉ ደመወዝ ተቀምጦ ልብስ ሰፊዋ ከስድስት ቀን አንዱን ብታጣ፣ ያ መካፈል ሳይሆን ማካፈል ብቻ ነው። ደመወዙ ከዕለት ጉርሱ የማያልፍ ሠራተኛ ከባለ ብዙ ደመወዙ ጋራ እኩል መጠን እንዲቀነስበት ማድረግም ፍርድ አይባልም።

ሦስተኛ፣ የድርጅቱ የሂሳብ መዝገብ ለሠራተኞቹ ተወካዮች ይገለጥ። ሥራው በእውነት ማነሱን ያላየ ሰው ሰዓቱን በደስታ አይለቅም።

አራተኛ፣ ሰዓት በሚያጥርበት ክፍል በዚያው ወራት የትርፍ ሰዓት ሥራ አይታዘዝ፤ ለዚያው ሥራም አዲስ ሰው አይቀጠር።

አምስተኛውም ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው ሠራተኛው በመጨረሻው ሳምንት ባገኘው አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ሰዓቱ አጥሮ ደመወዙም ከቀነሰ በኋላ ሠራተኛው ቢሰናበት ክፍያው በትንሹ ደመወዝ ሊሰላበት ይችላል። የጡረታ አበልም ቢሆን የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነውና ጡረታው የቀረበ ሰው ይጐዳል። ስለዚህ የስንብት ክፍያ በቀድሞው ሙሉ ደመወዝ እንዲታሰብ በስምምነቱ ይጻፍ፤ ጡረታቸው የቀረበውም ከመቀነሱ ነጻ ይሁኑ ወይም ለብቻ ይታሰብላቸው።

ዳግመኛም የዚህን መድኃኒት ወሰን ማወቅ ይገባል። ሥራ መካፈል የሚበጀው ለሚያልፍ መከራ ነው። ገበያው ፈጽሞ ለሞተ ሥራ ሰዓት ማሳጠር ሞቱን ማራዘም ይሆናል፤ ሠራተኛውንም ሌላ ሥራ ከመፈለግ ያዘናጋዋል። በጀርመንም ቢሆን የታየ ጕድለት አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ቋሚ ሠራተኞች በአጭር ሥራ ሲጠበቁ በጊዜያዊ ውል የነበሩት ብዙዎች አስቀድመው ተሰናብተዋል። ጥላው ለሁሉ ካልደረሰ በጥላ ሥር ያለውና በፀሐይ ያለው ይለያያሉ።

በአገራችን ባለፉት ዓመታት የደረሱትን ሁለት ነገሮች በዚህ ሚዛን እንመልከታቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በዚያም ሥርዓት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እንዳያሰናብቱ ተከለከለ። የክልከላው አሳብ መልካም ነበር፤ ብዙ ቤት ከመፍረስ ጠብቋል። ነገር ግን መከልከል ብቻውን ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ያዞረዋል እንጂ አያቀለውም። ሥራ የሌለው ባለቤት ሙሉ ደመወዝ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ለክልከላው ጓደኛ የሚሆነው የመካፈል ሥርዓት አስቀድሞ ተሰናድቶ ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ለሁሉም በቀለለ ነበር።

ሁለተኛው ነገር በ2014 ዓ.ም. የደረሰው ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ እንዲሸጡላት የሰጠችው አጎዋ የተባለ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተቋረጠ። አስቀድሞም በኅዳር ወር ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። በፓርኩ የሚሠሩት የሚበዙት ከሲዳማና ከወላይታ፣ ከአካባቢውም ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። እንዲህ ያለውን የገበያ መዘጋት ሰዓት በማሳጠር ብቻ መመለስ አይቻልም፤ ይህን አንሰውርም። ይሁን እንጂ አዲስ ገዢ እስኪገኝ ድረስ ጥቂት ወራት መታገሥ የሚችሉ ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን ሳይበትኑ የሚቈዩበት ደንብ ያስፈልጋቸዋል። ጥቂት ወራት ለባለ ገንዘብ አጭር ናቸው፤ ተሰናብታ ወደ መንደሯ በባዶ እጅ ለምትመለስ ልጅ ግን የሕይወት መንገድ የሚለወጥባቸው ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ወገኖችን እናሳስባለን።

የድርጅት ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች የማሰናበቻውን ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት ከዚህ በላይ ያሳየነውን ሂሳብ በራሳቸው መዝገብ ላይ ይሥሩት። የሚከፈለውን ስንብት፣ አዲስ ሠራተኛ ለማስተማር የሚወጣውን፣ በዚያም ጊዜ የሚበላሸውን ዕቃ ሁሉ ይደምሩ። ከዚያም ከሠራተኞች ማኅበር ጋራ ይምከሩ። ማኅበሮችም በበኩላቸው አንዲት ሰዓት አትነካም ከማለት ይልቅ አንድም ሰው አይወጣም የሚለውን ቢያስቀድሙ አባሎቻቸውን በበለጠ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ወገን መንግሥት ነው። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሰዓትን ስለ መካፈል የሚናገር አጭርና ግልጽ መመሪያ፣ ባለቤትና ማኅበር የሚፈርሙበትንም የውል ናሙና ቢያዘጋጅ፣ የወረዳውም የሥራ ጕዳይ ሹም ያን ለማስረዳት ቢታዘዝ፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ ቤት ይድናል። ሰዓቱን ያካፈለ ድርጅት በዚያ ወራት የግብር መክፈያው ቀን ቢራዘምለት ይህም መልካም ማበረታቻ ነው። ስለ ሩቁ ዘመን ደግሞ የሥራ አጥነት መድን ጥንስስ ሊታሰብበት ይገባል። ዛሬ በግል ድርጅት ያለ ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ደግሞ ከመቶ 11 ለጡረታ ያዋጣሉ። ደመወዝ ከፋዩ፣ መዝገቡና የመሰብሰቢያው መንገድ እንግዲህ ተዘጋጅተዋል። በጡረታው ገንዘብ ላይ ሳይነካ፣ በዚሁ መንገድ ለብቻው የሚቀመጥ ጥቂት መዋጮ በደጉ ዘመን ቢጀመር በክፉው ዘመን ይደርሳል።

ሦስተኛው ወገን ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ሥራ ያጣ ሰው ከሹም ደጅ አስቀድሞ የሚደርሰው ወደ እነርሱ ነው፤ የፋብሪካው ባለቤትም ቢሆን ንስሓ አባት ወይም ጎረቤት አያጣም። በባለቤትና በሠራተኛ መካከል ጥርጥር ሲገባ ሁለቱን ለማቀራረብ የእነርሱ ቃል ከደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ባለቤቱን ስለ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ስለ ሂሳቡም፣ ሠራተኛውንም ስለ መብቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ባልንጀራው ድርሻም ቢያስተምሩ ታላቅ አገልግሎት ያደርጋሉ።

ሥራ የሚያንስበት ዘመን መጥቶ ያልፋል። ባለፈ ጊዜም ይህ ድርጅት ስንት ቀን ተዘጋ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሲከፈት ስንት የሠለጠነ ሰው በወንበሩ ላይ ተገኘ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ። ያን ቀን በሙሉ እጅ ለመቀበል የሚፈልግ ባለቤት ዛሬ ሰዓቱን ያካፍል፤ ሰውን አይበትን።